የዘጠነኛው ክፍል መዝገብ

ወጣቷ የመቃብር ቦታውን የብረት በር ገፍታ ስትገባ ዝናቡ ገና አላባራም ነበር። መዝገብ ያዡ ሽማግሌ በቢሯቸው ደጃፍ ቆመው ከጣራው የሚወርደውን ውሃ ይመለከቱ ነበርና ቀድመው ያዩዋት እሳቸው ናቸው። መቃብር ፈልጋ እንደመጣች ከአረማመዷ አወቁ። የሟቻቸውን ቦታ የሚያውቁ ከበሩ ጀምሮ ቀጥ ብለው ይሄዳሉ። የማያውቁ ግን ገብተው ይቆማሉ፤ ግራ ያያሉ፣ ቀኝ ያያሉ፣ ከዚያ የሚጠይቁት ሰው ይፈልጋሉ።

«ጤና ይስጥልኝ አባባ። መዝገቡን የሚይዙት እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ ልጄ። ግቢ፣ አትርጠቢ።»

ቢሮው ጠባብ ነው። አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበር፣ አንድ የብረት ቁም ሣጥን፣ በጨርቅ የተሸፈነ አንድ ኮምፒውተር። ሽማግሌው ሠላሳ አንድ ዓመት ተቀምጠውበታል። ድሮ መዝገቡ የወረቀት ነበር። ወደ ኮምፒውተር ይግባ ተብሎ ሲታዘዝ ከማንም በላይ የተቃወሙት እሳቸው ነበሩ፤ ግን ትእዛዝ ነውና አራት ዓመት ሙሉ በሁለት ጣታቸው እየለቀሙ ከመጀመሪያው ሟች እስከ መጨረሻው ጻፉት። ጨርሰው ብዙም ሳይቆዩ መጋዘኑ ውሃ ገባውና የወረቀቱ መዝገብ በሰበሰ። ከዚያ ወዲህ ያንን ኮምፒውተር እንደ ዓይናቸው ብሌን ይጠብቁታል።

ወጣቷ የአባቷን ስምና የሞተበትን ዓመት በቁራጭ ወረቀት ጽፋ ሰጠቻቸው።

«ስምንት ዓመቱ ነው» አለች። «ሩቅ አገር ትምህርት ላይ ነበርኩ። የነገሩኝ ከተቀበረ በኋላ ነው። የቀበሩት ጎረቤቶቹም ሰፈሩ ሲፈርስ ተበታተኑ። አሁን የድንጋይ ምልክት ላቆምለት ነው። ጠራቢው ረድፉንና ቁጥሩን አምጪ አለኝ።»

«እሱ ቀላል ነው። እዚህ ያልተጻፈ ሰው የለም።»

ሽማግሌው ጨርቁን ከፊል ገለጡና ማውዙን ነካ አደረጉ። ማሳያው በራ። ጠበቁ። አንዲት ትንሽ ክብ መሽከርከር ጀመረች። ወጣቷ ተቀመጠች። ክቧ መዞሯን አላቆመችም። መቃብር ቆፋሪው ከዝናቡ ሸሽቶ ገባ፤ አካፋውን ከበሩ ኋላ አቁሞ እጁን በሱሪው ጠረገ።

«አሁን ነው የከፈቱት ጋሼ?» አለ። «እንግዲያው እህቴ ተመቻችተሽ ተቀመጪ። የትንሣኤ ቀን ሲደርስ ሙታኑ ተነሥተው እሱን ሲጠብቁት ነው የምታዪው።»

«ዝም በል አንተ» አሉ ሽማግሌው።

ሩብ ሰዓት አለፈ። ወጣቷ ወደ ማሳያው ጠጋ ብላ፣ «አባባ፣ ሁልጊዜ እንዲህ ነው?» አለች።

«አርባ ደቂቃ ይፈጅበታል። ግን ይመልሳል። እኔ ቸኩዬ አላውቅም፤ እዚህ ያሉትም አይቸኩሉም።»

«ኮምፒውተር መጠገን ሥራዬ ነው። አንዴ ልየው?»

የሽማግሌው ፊት ጠቆር አለ። ጠረጴዛውንም በክንዳቸው ከለል አደረጉት። «በአፍሽ ንገሪኝ። በእጅሽ ግን አትንኪው።»

እሷም አልተቀየመችም። የትኞቹን ሦስት ቁልፎች አንድ ላይ እንደሚጫኑ ነገረቻቸውና በማሽኑ ውስጥ ማን ምን እየሠራ እንደሆነ የሚያሳየው ገጽ ተከፈተ። ቁጥሮቹን በጣቷ ሳትነካ አሳየቻቸው።

«ይኸውልዎ። አስቢው ክፍል፣ ፕሮሰሰሩ፣ ሰባት በመቶ ብቻ ነው የሚሠራው፤ ሥራ ፈት ነው። ዲስኩን ደግሞ ይዩት፤ መቶ በመቶ፣ ቀይ። ዲስኩ መጋዘኑ ነው አባባ። ሠራተኛው እጁን አጣጥፎ ዕቃ ይጠብቃል፣ መጋዘን ጠባቂው ግን መተንፈሻ አጥቷል። ስለዚህ ነው የሚዘገየው።»

«ማነው እንዲህ የሚያሯሩጠው?»

«ስማቸው እዚህ ተጽፏል። ሁለት የጸረ ቫይረስ ፕሮግራም አለዎት። ማን ጫነልዎ?»

«አንዱን ከዋናው መሥሪያ ቤት የመጣ ሰው። ሁለተኛውን አንድ ሐዘንተኛ፤ አዝኖልኝ።»

«ሁለት ዘበኛ አንድ በር ላይ ቆመው አንድን ዕቃ ሁለት ጊዜ ይፈትሻሉ። ሲሰለቻቸው ደግሞ እርስ በርስ ይፈታተሻሉ።»

«እንደ እኔና እንደ በረኛው» አለ ቆፋሪው።

«ይህ ጨርቅስ?»

«ከአቧራ ነው።»

«የሚተነፍስበትን ቀዳዳ ዘግቶታል፤ በሙቀት ይታፈናል። መቼ ነው ያጠፉት?»

«አላጠፋውም። ከተኛ ባይነሣስ? ሲደርቅብኝ ብቻ ሶኬቱን እነቅለዋለሁ።»

ወጣቷ ዓይኗን ለአፍታ ጨፈነች። ከዚያ ዲስኩ ምን ያህል እንደሞላ ጠየቀች። ሊፈስ ምንም አልቀረውም። የሞላውም በአንድ ነገር ነበር። ሽማግሌው በየቀኑ ሥራ ሲጨርሱ የዘጠኙንም የመቃብር ክፍሎች መዝገብ እንዳለ ገልብጠው የዕለቱን ቀን ስም ሰጥተው ያስቀምጡታል፤ ከመቃብሮቹ ፎቶግራፍና ከፈቃድ ወረቀቶቹ ምስል ጋር። የስንት ዓመት ቅጂ ተደራርቧል።

«ለጥንቃቄ ነው» አሉ ሽማግሌው በኩራት። «አንዱ ቢጠፋ ሌላው አለ።»

«ሁሉም እዚሁ ዲስክ ላይ ናቸው?»

«የት ይሁኑልሽ?»

መልስ ልትሰጥ ስትል እጇን አነሣች። «እስቲ ጸጥ በሉ።» ከጨርቁ ሥር አንድ ድምፅ ይሰማ ነበር፤ ሳጥን በጥፍር እንደሚያንኳኩ ያለ፣ ደረቅ፣ ቆም እያለ፣ ደግሞ እየጀመረ።

«ይህ ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከበጋው። ሥራ ሲበዛበት ነው።»

«አይደለም። ዲስኩ እየሞተ ነው አባባ።»

ቆፋሪው አንድ ቀልድ ሊወረውር አፉን ከፈተ፤ የሽማግሌውን ፊት አየና መልሶ ገጠመው።

እዚህ ላይ ነው ክርክሩ የተነሣው። ወጣቷ በትሕትና ተናገረች፤ ሽማግሌውም በጨዋ ደንብ መለሱ። ግን ሁለቱም አንዲት እርምጃ አልተነቃነቁም።

«ነገሩ ቅደም ተከተል አለው» አለች። «መጀመሪያ መዝገቡን ወደ ሌላ ዲስክ ገልብጠን ከዚህ ቢሮ እናወጣለን። ከዚያ በኋላ ነው ማጽዳቱ። ከዚያ በኋላ ዲስኩን መለወጥ። ተራው ከተዛባ አደጋ ነው።»

«ከዚህ ቢሮ አይወጣም።»

«ለምን?»

«አንዴ ወጥቶ አይቻለሁና። ይህን ሥራ ስረከብ ከእኔ በፊት የነበረው ሰው አንድ ነገር አሳየኝ። መዝገቡን ገልብጦ ቤቱ የሚያስቀምጥ ጸሐፊ ነበር። በቅጂው ላይ የድሆችን ስም እየፋቀ ቦታቸውን ለሌላ ሰጠ። ክስ ሲመጣ ሁለት መዝገብ ቀረበ፤ ዳኛው የትኛውን ይመን? ሁለት እናቶች በአንድ ጉድጓድ ላይ ሲላቀሱ እኔ ቆሜ አየሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ መዝገቡ አንድ፣ ቁልፉ አንድ፣ ያዡም አንድ ነው።»

የተናገሩት ከንቱ ፍርሃት እንዳልሆነ ለወጣቷ ገባት።

«ጥሩ አድርገዋል» አለች። «ያ ሰው የሰረቀው ግን ቅጂ ስላለ አይደለም፤ ቅጂውን ከዋናው ጋር የሚያስተያይ ስላልነበረ ነው። በሦስት ቦታ ይቀመጥና ሦስቱም በየጊዜው ይነጻጸሩ። አንዱ ቢዋሽ ሁለቱ ያጋልጡታል። አሁን ግን ብቸኛው መዝገብ ቢዋሽ ማን ያውቃል? ቢሞትስ?»

«እኔ አለሁ።»

«እርስዎስ?»

ሽማግሌው ቅር አላቸው። «እኔ ገና ቆሜያለሁ ልጄ።»

«ዕድሜዎን ያርዝመው። ይህ ግን አልቆመም፤ ተንጠልጥሏል። በዘጠኙ ክፍል ስንት ሰው አለ?»

«ስድስት ሺህ ከሁለት መቶ። በዘጠነኛው ብቻ ስድስት መቶ አርባ ሦስት፤ ድንጋይ የሚያቆምላቸው ያጡ ናቸው። ምልክታቸው እንጨት ነው። እንጨቱ በስብሷል፣ ቀለሙን ዝናብ አጥቦታል። ከበሩ ጥግ ረድፍ ቆጥሬ፣ በረድፉ ሰው ቆጥሬ ነው የማገኛቸው።»

«እንግዲያው የስድስት መቶ አርባ ሦስት ሰው ስም ያለው ይህ የሚያንኳኳ ሳጥን ውስጥ ብቻ ነው።»

ሽማግሌው በአንገታቸው የተንጠለጠለውን የቢሮውን ቁልፍ ጨበጡ። መልስ ማጣት መረታት አይደለም፤ ሰው አፉ ተዘግቶም ልቡ እምቢ ይላል።

«አስብበታለሁ» አሉ።

ወጣቷ ተነሣች። «ከነገ ወዲያ ውጫዊ ዲስክ ይዤ እመጣለሁ። እርስዎ አጠገቡ ተቀምጠው እያዩ እንገለብጣለን፤ ዲስኩም በእርስዎ ቁም ሣጥን ይቆለፍ። እስከዚያ ግን በሥርዓቱ አጥፍተው ይተዉት። የአባቴም ነገር ይቆይ፣ ስምንት ዓመት ቆይቷል። አይሰርዙ፣ አያስተካክሉ፣ ምንም አይንኩ። አደራዎን።»

«እሺ» አሉ ሽማግሌው። እሺ ሲሉም ከልባቸው ነበር።

በማግሥቱ ጠዋት ፀሐይ ወጣ። ሽማግሌው ብቻቸውን ተቀምጠው የሰሙትን ሲያብላሉ ቆዩ። ልጅቷ ዐዋቂ ናት፤ ይህን አልካዱም። ጨርቁን አነሡት፤ እውነትም የሳጥኑን መተንፈሻ ዘግቶት ነበር። የሁለቱን ዘበኞች ነገርም አመኑ። የቅጂው ክምር መተንፈሻ እንዳሳጣውም አመኑ። ያላመኑት መዝገቡ ከማሽኑ እንዲወጣ ብቻ ነው። እንዲህም ሲሉ አሰቡ፦ ካጸዳሁትና ካስተካከልኩት ይድናል፤ ከዳነ ደግሞ የሚያስወጣው ነገር የለም። ነገ ስትመጣም የአባቷን ረድፍና ቁጥር በወረቀት ጽፌ እሰጣታለሁ፤ ደስ ይላታል።

ከምክሩ ደንባቸውን የማይነካውን ግማሽ ወሰዱ፣ የሚነካውን ተዉት። ክፋት አልነበረባቸውም። ለልጅቷ ደግ ሊውሉላት ነበር።

ማሽኑን ከፈቱት። ሁለተኛውን ጸረ ቫይረስ አስወገዱ። ከዚያ የዓመታቱን ቅጂ አንድ በአንድ ሰረዙ፤ እስከ ቀትር ፈጀባቸው። ከእያንዳንዱ መዝገብ አንድ ብቻ ሲቀር ደስ አላቸው፤ እንደ ደንቡ መዝገቡ አንድ ሆነ። ቀጥለውም በዲስኩ ላይ የተበታተነውን የሚሰበስበውን፣ ዲስክ ማስተካከያ የሚባለውን ሥራ አስጀመሩት። አንድ ሰው በአንድ ወቅት አሳይቷቸው ነበር። መደርደሪያ እንደማስተካከል ያለ ነገር መሰላቸው። እየሞተ ያለን ዲስክ የያዘውን ሁሉ እያነሣ እንዲያስቀምጥ ማዘዝ፣ ልቡ የደከመን ሰው ቤቱን ሙሉ በጀርባህ አግዝ እንደማለት ነው። ይህን የሚነግራቸው ሰው በአጠገባቸው አልነበረም።

ማንኳኳቱ በረታ።

ሽማግሌው ግን እስኪያልቅ አልጠበቁም። የወረቀቷን ቁራጭ ከኪሳቸው አውጥተው ስሙን መፈለግ ያዙ። ከአንድ እስከ ስምንተኛው ክፍል አጡት። የዘጠነኛውን ከፈቱ። ገጹ ከላይ ወደ ታች ቀስ እያለ መታየት ጀመረ። ስም፣ ከስሙ ሥር ስም። ከዚያ እሱን አዩት፤ በወረቀቷ ላይ እንደተጻፈው፣ ፊደል ሳይጎድል፣ በራሳቸው ሁለት ጣት የተመታ።

ከስሙ ቀጥሎ ያለው የረድፍና የቁጥር ቦታ ገና ነጭ ነበር።

ጠበቁ። እንደ ልማዳቸው አልቸኮሉም። ክቧ ዞረች። ማንኳኳቱ ቆመ፣ ጀመረ፣ እንደገና ቆመ። አንድ ሰዓት ተቀመጡ፤ ቀጥሎ ያለው ነጭ እንደሆነ ቀረ። በመጨረሻ ጎንበስ አሉና ሁልጊዜ የሚያደርጉትን አደረጉ። ሶኬቱን ነቀሉ።

መልሰው ሲሰኩት ማሳያው ጥቁር ላይ አንድ መስመር ነጭ ጽሑፍ ጻፈ፤ ከዚያ በኋላ ምንም አልጻፈም።

ወጣቷ በቀጠሮዋ ስትመጣ ሽማግሌውን ከቢሮው ውጭ በድንጋይ ላይ ተቀምጠው አገኘቻቸው። ቆፋሪው ራቅ ብሎ ቆሟል። ሰላምታዋን ተቀበሉና ሳይጠየቁ ተናገሩ። ምንም አልደበቁም፤ የሰረዙትን፣ ያስተካከሉትን፣ የነቀሉትን።

«አደራ ብዬዎት ነበር» አለች። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም።

«ብለሽኝ ነበር። ስሙን ግን አየሁት» አሉ። «አባትሽ ዘጠነኛው ክፍል ነው።»

ተጠጋች። «ረድፉስ?»

«ስሙን ብቻ ነው ያየሁት።»

«ቁጥሩን እንኳ? አንድ አኃዝ?»

«ከስሙ ቀጥሎ ያለው ነጭ ነበር ልጄ።»

ወጣቷ ወደ ዘጠነኛው ክፍል ዞረች። ከዚያ እስከ ሩቁ ግድግዳ የእንጨት ጉቶ ነው፤ አንዱ ከአንዱ አይለይም። ሽማግሌው ከአንገታቸው ቁልፉን አወለቁና ዘረጉላት። ሠላሳ አንድ ዓመት ሲያደርጉት ለሰው ሰጥተውት አያውቁም።

«ውሰጂው። ወዴትም ውሰጂው። በስንትም ገልብጪው» አሉ።

ሰው የሚረታበት ጊዜ እንዲህ ነው። ክርክሩን የረታው የልጅቷ ንግግር አልነበረም፤ ጥቁሩ ማሳያ ነበር።

ዲስኩን ወስዳ አሥራ ሁለት ቀን ደከመችበት። ከእሷ የተሻለ መሣሪያ ላላቸውም ላከችው። ስምንት መዝገቦች ተገኙ። ዘጠነኛው ተከፍቶ ስለነበርና የተቀመጠበትም ቦታ ከሁሉ ይበልጥ ተጎድቶ ስለነበር፣ የወጣው ትርጉም የሌለው ምልክት ብቻ ሆነ። የተሰረዙትን ቅጂዎች ቦታም ማስተካከያው በሌላ ነገር ሸፍኖት ነበር።

«ቅጂዎቹን ባልሰርዛቸው?» ብለው ጠየቁ ሽማግሌው።

ልትዋሽላቸው አሰበች፤ ከዚያ ግን ተወችው። «ከብዙዎቹ አንዱ ሳይተርፍ አይቀርም ነበር።»

ከዚያ በኋላ ሁለቱ ደብተር ይዘው ዘጠነኛውን ክፍል በየረድፉ ሄዱበት። ቆፋሪው ሣሩን እየገለጠ ቀደማቸው። ከስድስት መቶ አርባ ሦስቱ ሰባ አንድ ስም ተነበበ። የአባቷ ስም ከሰባ አንዱ አልነበረም። ሽማግሌው አንዳንዱ ጉቶ ላይ ቆመው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ሊያስታውሱ ይሞክሩ ነበር። አንዴ፣ «ይሄኛው ይመስለኛል» አሉ። እሷም ተንበርክካ ቆየች። ጥቂት ቆይተው፣ «አይ፣ አላውቅም» አሉ።

አሁን ቢሮው ተለውጧል፤ የተለወጠውንም ለሚሰማ መናገር ይገባል። ኮምፒውተሩ አዲስ ዲስክ ገብቶለታል። አንድ ጸረ ቫይረስ ብቻ አለው። ከማሽኑ ጋር አብረው የሚነሡት የማይፈለጉ ፕሮግራሞች ቆመዋል። ጨርቁ ወንበር ላይ ነው። ማሳያው በአንድ ደቂቃ ይከፈታል፤ ማታ ሽማግሌው ወደ ቤታቸው ሲሄዱ በሥርዓቱ ያጠፉታል፤ ጠዋት ይነሣል። መዝገቡ በሦስት ቦታ ነው፤ አንዱ በማሽኑ፣ አንዱ በቁም ሣጥኑ፣ አንዱ በዋናው መሥሪያ ቤት። በየሳምንቱ ሦስቱ ይነጻጸራሉ፤ ማንም ስም ቢፍቅ በሳምንቱ ይታወቃል። ይህ ሁሉ መልካም ነው። የሁለት ቀን ሥራ እንኳ አልነበረም። ማሽን የዘገየበት ሰው መጀመሪያ ዲስኩን ይመልከት፤ ዲስኩ ካንኳኳ ደግሞ ማጽዳቱን ትቶ በቅድሚያ ያለውን ያውጣ። ለሽማግሌው የተነገራቸው ይኸው ነበር።

ድንጋዩም ተጠርቦ መጣ። የሚተከልበት ስላልታወቀ በቢሮው ግድግዳ ተደግፎ፣ ፊቱን ወደ ዘጠነኛው ክፍል አዙሮ ቆሟል። ወጣቷ አንዳንድ እሑድ ትመጣለች። ማሽኑን ታያለች፣ ደህና እንደሆነ ትናገራለች፣ ከዚያ ድንጋዩ አጠገብ ትንሽ ትቀመጣለች።

በዚህ ሳምንት አንድ ሸምገል ያለ ሰው የብረቱን በር ገፍቶ ገባ፤ ቆመ፤ ግራ አየ፣ ቀኝ አየ። ሽማግሌው ጠርተው አስቀመጡት። የእህቱን ስም ነገራቸው። ጻፉት። ቆፋሪው በበሩ እያለፈ ነበር፤ ስለ ኮምፒውተሩ ከቀለደ ግን ቆይቷል።

ሰውየው ገና ወንበሩን ሳያመቻች ማሳያው መለሰ።

«እንዴት ፈጣን ነው!» አለ ሰውየው። «ምን ይላል?»

ሽማግሌው ማሳያውን ወደ እሱ አዞሩለት። አንዲት ቃል ብቻ ተጽፋበታለች። አልተገኘም ትላለች።